«ዳግም ማስጀመር» ስለተባለው ስያሜ

በዚህ ጽሑፍ ሂስ የምናቀርብበት ሥራ መጽሐፍ አይደለም፤ መዝገበ ቃላትም አይደለም። ጥቂት ዐረፍተ ነገርና ሁለት ምርጫ ብቻ ያሉት፣ ጸሐፊው የማይታወቅ፣ በእጅ ስልክ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው የሚወጣው ስልኩ መነሣት ሲያቅተው ነው። በተለይም ሥርዓተ ክወናው በጥገና ቤት እንደገና ከተጫነ በኋላ ስልኩ የአምራቹን ምልክት ብቻ እያሳየ አልራመድ ሲል፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት የሚያገኘው ይህንኑ ጽሑፍ ነው። ለጥቂት ዐረፍተ ነገር ሂስ አይገባም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንዲሁ እናስብ ነበር።

ጉዳዩ የደረሰው በቤቴል ነው። ቤቴል ከጦር ኃይሎች በስተ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ያለ ሰፈር ሲሆን፣ አክስታችን ከሚኖሩበት ቤት እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ግራና ቀኙን የስልክ ጥገና የሚሠራባቸው ጠባብ ሱቆች ይገኛሉ። የአክስታችን ስልክ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገራቸው ከነዚህ ሱቆች ወደ አንዱ ወሰዱት። ጠጋኙ ሥርዓቱ መበላሸቱን ነግሯቸው እንደገና ጫነላቸው፤ «ፎቶዬንና ድምፁን እንዳትነካብኝ» ብለው ስለለመኑትም የባለቤቱ ነገሮች የሚቀመጡበትን የማከማቻ ክፍል ሳይነካ አለፈው። ስልኩ ያን ዕለት ሠራ። በማግሥቱ ጧት ግን የአምራቹን ምልክት አሳይቶ ይጨልማል፤ መልሶ ያሳያል፤ መልሶ ይጨልማል።

አክስታችን በጎረቤት ስልክ ደወሉልን። ሥራ ላይ ነበርንና በአጭሩ «እትዬ፣ አይጨነቁ፤ ዳግም ያስጀምሩት» አልናቸው። «ሪስታርት ያድርጉት» ማለት እንችል ነበር፤ ነገር ግን ቋንቋ እናስተምራለን እያልን እንዲህ ያለውን ቃል ከአፋችን ማውጣት ስለማንወድ ተውነው። ስልኩን የያዘው የጎረቤት ልጅ በገጹ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ሁለት ምርጫ ነበር። አንደኛው «እንደገና ሞክር» ይላል፤ ሁለተኛው «የፋብሪካ ውሂብ ዳግም ማስጀመር» ይላል። አክስታችን «ልጄ ዳግም ነው ያለኝ፤ እሱን አድርገው» አሉት። ስልኩ እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቀ፤ አረጋገጡ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ስልኩ ተነሣ። ደስ ብሏቸው መልሰው ደወሉልንና መረቁን። ባዶውን መነሣቱን ያወቁት ማታ ነው።

በስልኩ ውስጥ ከ2 ዓመት በፊት ያረፉት እናታችን ድምፅ ነበረበት። የፈትል ቃላት ለመመዝገብ ብለን፣ አክስታችን ጠያቂ ሆነው የቀዱት ነው። እናታችን ጥጡ ከመዳመጫው ወደ ደጋን፣ ከደጋን ባዘቶ ሆኖ ወደ እንዝርት፣ ከእንዝርት ወደ ልቃቂት ሲሸጋገር በየደረጃው የሚጠራበትን ስም ባደጉበት አገር አነጋገር ያስረዱበት ነበር። ግማሹን ወደ ወረቀት ገልብጠናል፤ ግማሹን ገና አልገለበጥንም ነበር።

ጠጋኙን ለመውቀስ አንችልም፤ የተለመነውን ፈጽሟል። ልጁንም አንወቅስም፤ በትክክል አንብቧል። አክስታችንም የተባሉትን አደረጉ። ጥፋቱ የቃሉና ቃሉን የነገርናቸው የእኛ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የስያሜ ውይይት ላይ ይኸው «ዳግም ማስጀመር» ለምክር ሲቀርብ «ጥሩ አማርኛ ነው» ብለው ከደገፉት መካከል እኛም ነበርንበት። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሂስ በከፊል በራሳችን ላይ የሚቀርብ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንወዳለን።

ወደ ቃሉ እንግባ። በተመለከትናቸው ስልኮች ላይ ስልክን አጥፍቶ መልሶ የማብራቱ ተግባር «ዳግም ማስጀመር» ተብሎ ይገኛል። በስልኩ ያለውን የባለቤቱን ነገር ሁሉ ደምስሶ ስልኩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ የማድረጉም ተግባር «ዳግም ማስጀመር» ነው። የመጀመሪያው ከማንኛውም ጠጋኝ አስቀድሞ የሚሞከር፣ ምንም የማይጎዳ ነገር ነው። ሁለተኛው ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ የሚደረግ፣ ተመላሽ የሌለው ነገር ነው። በእንግሊዝኛው ሁለቱ ቃላት ቢመሳሰሉም የተለያዩ ናቸው፤ በአማርኛው ግን አንድ ሆነዋል። እንዴት አንድ ሊሆኑ እንደቻሉ የትርጉም ሥራ የሠራ ሰው በቀላሉ ይገነዘበዋል። የስልክ ጽሑፍ የሚተረጎመው እንደ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች እየተነበበ አይደለም። እያንዳንዱ ሐረግ ከቦታው ተነጥሎ፣ በዝርዝር መልክ፣ ብቻውን ለተርጓሚው ይቀርብለታል። ዛሬ አንዱን፣ ከወር በኋላ ሌላውን የተረጎመ ሰው ለየብቻቸው ሲታዩ ሁለቱንም በሚገባ ተርጉሟል። ጉድለቱ የሚታየው ሁለቱ በአንድ ስልክ ውስጥ ሲገናኙ ነው፤ እዚያ ደግሞ ተርጓሚው የለም።

«ዳግም» ራሱ በዚህ ቦታ መግባቱ ነገሩን አባብሶታል። ቃሉ ከግእዙ «ደገመ» የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «ዳግም» የሚያሰማው መደጋገምን እንጂ መጥፋትን አይደለም። ዳዊት የሚደግም ሰው በደገመ ቁጥር ዳዊቱ አይጠፋበትም። ዳግማዊ ምኒልክ ስንልም ቀዳማዊውን መሰረዛችን አይደለም። ስለዚህ «ዳግም» የሚል ነገር ያነበበ ሰው ልቡ ይረጋል፤ ቢበዛ ያው የነበረው ነገር ይደገም ይሆናል ይላል። የስያሜ ሠሪዎች ግን «ዳግም»ን የእንግሊዝኛው «ሪ» በመጣ ቁጥር የሚለጠፍ ቅጥያ አድርገውታል። ዳግም ጫን፣ ዳግም ሰይም፣ ዳግም ሞክር፣ ዳግም አገናኝ፣ ዳግም አስጀምር። በእንግሊዝኛው ያ ፊደል አንዳንድ ጊዜ መድገምን፣ አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስን የሚያመለክት መሆኑን ልብ ያለው የለም።

የሐረጉ አገባብ ደግሞ ከቃሉ የባሰ ነው። በእንግሊዝኛው ሦስት ስሞች ያለ አያያዥ ተደርድረው «ፋብሪካ» የሚለው ስልኩ የሚመለስበትን ሁኔታ ያመለክታል። በአማርኛው «የፋብሪካ ውሂብ» ተብሎ «የ» ሲገባበት ግን «ፋብሪካ» ባለቤት ይሆናል። ሐረጉን እንዳለ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ የሚረዳው «የፋብሪካው የሆነ ውሂብ የሚባል ነገር እንደገና ሊጀመር ነው» ብሎ ነው። አክስታችንን በኋላ ስንጠይቃቸው የመለሱልን ይህንኑ ነበር፦ «የፋብሪካው ነው አለ እንጂ የኔ መች አለ?» ከዚህ የተሻለ የሰዋስው ትችት ለማቅረብ አንችልም። «ውሂብ» ምን ይመስልዎታል ብለንም ጠይቀናቸው ነበር። «ውህድ ማለት መሰለኝ» አሉን። ቃሉ ከ«ወሀበ»፣ ማለትም ከ«ሰጠ» ወጥቶ፣ «የተሰጡ ነገሮች» የሚል ፍች ባለው በላቲኑ «ዳታ» አምሳል የተቀረጸ ነው። ሥርወ ቃሉን ለሚያውቅ ሰው ያስደስታል፤ እኛም ሲወጣ ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን ፎቶው፣ ድምፁና የስልክ ቁጥሩ ሊደመሰስበት የቀረበ ሰው በዚያች ቅጽበት ሥርወ ቃል እንዲያወጣ መጠበቅ አይገባም።

በማስታወቂያው መጀመሪያ ላይ ያለውም ግስ ሳይነሣ አይታለፍም። ስልኩ መነሣት አለመቻሉን የሚገልጸው «ሥርዓቱን መጫን አልተቻለም» በሚል ቃል ነው። «ጫነ» በስልክ አማርኛ ውስጥ ብዙ ሸክም የወደቀበት ግስ ነው። አዲስ ፕሮግራም ወደ ስልክ ማስገባት መጫን ነው። በስልኩ ማከማቻ ውስጥ ያለውን ሥርዓት ለሥራ ማንቃትም መጫን ተብሏል። ቁልፍን በጣት መጫንም መጫን ነው። «ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ» ሲባል እርስዎ ነዎት፤ «ፕሮግራሞቹ ከተጫኑ በኋላ» ሲባል ፕሮግራሞቹ ናቸው፤ ግሱ ግን አንዲት ፊደል አይለወጥም። ሥርዓተ ክወናው ትናንት እንደገና የተጫነለት ሰው ዛሬ «ሥርዓቱን መጫን አልተቻለም» የሚል ቢያነብ፣ የትናንቱ ሥራ አልተሳካም፣ ሥርዓቱም ወደ ስልኩ አልገባም ብሎ ይደመድማል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ሥርዓቱ ገብቷል፤ ያልተቻለው ማስነሣቱ ነው። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አንድ የሚመሰገን ቃል ስለ አለ እሱን ሳንጠቅስ ብናልፍ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ሐሳቡን የለወጠ ሰው የሚመርጠው «ይቅር» የሚል ነው። በሌሎች ጽሑፎች «ሰርዝ» ተብሎ መተውንና መደምሰስን ሲያደናግር የኖረውን እዚህ ቦታ በሰው አነጋገር ተክተውታል።

በተከታዩ ቅዳሜ ከአክስታችን ጋር ወደ ጥገና ቤቱ ሄድን። ጠጋኙ ስልኩን አንድ ጊዜ አይቶ «ማዘር፣ ይሄ እኮ ፎርማት ሆኗል» አላቸው። ወደ እኛም ዞሮ «ጋሼ፣ ኢንክሪፕትድ ነው፤ ከነቁልፉ ነው የሄደው» አለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፉት 10 ዓመታት የወጡ አብዛኞቹ ስልኮች የባለቤቱን ነገር የሚያከማቹት በምስጢር ጽሕፈት ነው። ስልኩ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ሲመለስ የምስጢሩ ቁልፍ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ፍርስራሹ ቢገኝ እንኳ የሚያነበው የለም። አክስታችን ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፎርማት መች ብለውኝ ነው? ፎርማት ቢሉኝማ እነካው ነበር?»

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሥቶናል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ሴት «ፎርማት» ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ በአማርኛ የተሰየመውን ግን አያውቁም። ባዕዱ ቃል ሥራውን ሠርቷል፤ አገሬው ቃል አልሠራም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ የቋንቋና የሙያ ሰዎች አብረው ተቀምጠው ነበር፤ ያ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም የሙያ ሰው ሲባል በዩኒቨርሲቲ ያለውን መምህር እንጂ ከመንገድ ዳር ሱቅ ውስጥ ጉልህ ማያ ይዞ ስልክ የሚፈታውን ወጣት የሚያስብ አልነበረም። ያን ዕለት በዚያ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን ደንበኞችና ጠጋኙ የሚነጋገሩበትን ቃል መዘገብን። ከብዙ የስያሜ ጉባኤ የበለጠ ተምረንበታል።

በመጀመሪያ ያስተዋልነው ስልክ «ተበላሸ» ብሎ የሚገባ ሰው ጥቂት መሆኑን ነው። ሰው የብልሽቱን ደረጃ ለይቶ ይናገራል። «አይበራም» ያለ ሰው ስልኩ ጨርሶ ብርሃን አያሳይም ማለቱ ነው። «አይነሣም» ወይም «ሎጎ ላይ ቆመ» ያለ ሰው ስልኩ የአምራቹን ምልክት ያሳያል፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም ማለቱ ነው። «አይከፍትልኝም» ያለው ስልኩ ተነሥቶ የይለፍ ቃል ወይም አካውንት እየጠየቀው ነው። «ሞተ» የሚለውን ቃል ደግሞ ጠጋኙ ለደንበኛው አይፈቅድም፤ ራሱ ብቻ ነው የሚለው፤ ለዚያውም መርምሮ። ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያያይዘዋል። ኮምፒውተሩ ስልክ መኖሩን ካወቀ፣ ገጹ ቢጨልምም «አልሞተም» ይላል።

እነዚህ አባባሎች በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። ስልክ የሚነሣው በደረጃ ነው። ማብሪያው ቁልፍ ሲነካ በፕሮሰሰሩ ውስጥ በፋብሪካ የታተመ አጭር ፕሮግራም ቀድሞ ይነቃል፤ እሱ የሚቀጥለውን አስነሺ ፕሮግራም ይቀሰቅሳል፤ አስነሺው የሥርዓቱን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉን ይጠራል፤ ከርነሉ አገልግሎቶቹን ያሰማራል፤ በመጨረሻ ባለቤቱ የሚያውቀው ገጽ ይከፈታል። «አይበራም» የመጀመሪያው ወይም ከሱ በፊት ያለው የባትሪው ችግር ነው፤ «ሎጎ ላይ ቆመ» የመካከለኛው፤ «አይከፍትም» የመጨረሻው። የቤቴል ደንበኛ ከርነል የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ደረጃውን ከነቦታው ሰይሞታል። እናታችን ጥጡን በየደረጃው እንደሰየሙት ማለት ነው። የሙያ ቃል የሚወለደው ሥራው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ በሚተላለፍበት ቦታ ነው።

ሥርዓቱ እንደገና ከተጫነ በኋላ «ሎጎ ላይ የቆመ» ስልክ እንዴት እንደሚታከምም ጠጋኙ አስረድቶናል። ተርጓሚዎች የሚጽፉት መመሪያ ይህንኑ ቅደም ተከተል ሊከተል ስለሚገባው እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይበት። መጀመሪያ መታገሥ ነው። አዲስ ሥርዓት ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው አነሣስ ከወትሮው እጅግ ይረዝማል፤ 10 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ መካከል ተጨንቆ ስልኩን ያጠፋውና ችግሩን ራሱ ይፈጥራል። ከዚያ ማብሪያውን ቁልፍ፣ በአንዳንዱ ስልክ ከድምፅ ቁልፍ ጋር፣ ለረዥም ጊዜ ይዞ ስልኩን በግድ አጥፍቶ ማስነሣት ነው። ይህ በስልኩ ካለው ምንም አይነካም። ቀጥሎ፣ ስልኩ ምርጫው ካለው፣ ሥርዓቱ ለራሱ ፍጥነት ብሎ ያስቀመጠውን ጊዜያዊ ክምችት መጥረግ ነው፤ ይህም የባለቤቱን ነገር አይነካም። እምቢ ካለ የተጫነው ሥርዓት በትክክል የዚያ ሞዴል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ መልካቸው አንድ የሆነ፣ ስማቸው በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለይ ስልኮች ሥርዓታቸው ለየቅል ነውና። እንዲሁም አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው የባለቤቱ ክምችት ጋር አልስማማ ብሎ ስልኩ በመነሣትና በመውደቅ መካከል ሊመላለስ ይችላል። የአክስታችን ስልክ ችግር ይህ ሳይሆን እንደማይቀር ጠጋኙ ገምቷል፤ የመጀመሪያውን ሥርዓት መልሶ ቢጭነው ኖሮ ይነሣ ነበር ባይ ነው። መደምሰስ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። ከተደመሰሰም በኋላ ስልኩ ቀድሞ የገባበትን አካውንት ይጠይቃል። ጥበቃው ለሌባ የታሰበ ነው፤ ነገር ግን አካውንቱን ያወጣላቸው የስልክ ሻጭ ለሆነ፣ ስሙንም የይለፍ ቃሉንም ለማያውቁ ብዙ ሰዎች ሌላ ቁልፍ ሆኖባቸዋል። «ጂሜይል ጠየቀኝ» ብሎ የሚመጣው ደንበኛ ይህ ነው።

ጠጋኙ ራሱም «ፎርማት» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ነው የሚይዘው። የሚዲያቴክ ፕሮሰሰር ላላቸው ስልኮች የሚጠቀምበት መጫኛ ፕሮግራም ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው የተመረጡትን ፋይሎች ብቻ ይጽፋል። ሁለተኛው ሥርዓቱን ያድሳል። ሦስተኛው ሁሉን ፎርማት አድርጎ ከዚያ ይጽፋል፤ ይህኛው ባለ 15 አኀዙን የስልኩን መለያ ቁጥር ሳይቀር ሊያጠፋ ስለሚችል ስልኩ ቢነሣም ኔትወርክ አያገኝ ይሆናል። «ጋሼ፣ ሦስተኛውን ጀማሪ አላስነካም» አለን። እነሆ ምርጫዎቹ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም በመካከላቸው ያለው የአደጋ ልዩነት ከስማቸው ይታወቃል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን የሙያ አማርኛ አንድ ነገር ልናነሣ እንወዳለን። የመኪና ጥገና ወደ አገራችን ሲገባ ስሞቹን በአመዛኙ ከጣልያንኛና ከሌሎች ቋንቋዎች ተቀብለናል። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ማርሽ ያልነው ማንም ሳይቃወመን ነው። ግሶቹን ግን አልተቀበልንም። ፍሪሲዮን ይረገጣል፤ ፍሬን ይያዛል፤ ማርሽ ይገባል፤ ሞተር ይነሣል። ባዕድ ስም ቢበዛም አማርኛው አልተናጋም፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚሸከመው ግሱ ነው። በስልክና በኮምፒውተር ስያሜ ላይ ግን እኛ የሠራነው የተገላቢጦሽ ነው። ጉልበታችንን በስሞቹ ላይ አፍስሰን ውሂብ፣ ቅንብር፣ መተግበሪያ፣ ምትኬ አልን፤ አንዳንዶቹም ሰምረዋል። ግሶቹን ግን እንደ ተርታ ቃል ቆጥረን የመጣልንን ሰጠናቸው። «ማስጀመር»፣ «መጫን»፣ «መሰረዝ»፣ «ማጥፋት» ሁለትና ሦስት ፍች ተሸክመው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ግን ስልኩን የሚጎዳው በስም አይደለም፤ በግስ ነው።

«መነሣት» የሚለው ግስ ለዚህ ተግባር ከማንኛውም የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ሞተር ይነሣል፤ የታመመ ሰው ይነሣል፤ የቤቴል ሰውም ስልኩ «አልነሣ አለኝ» እያለ ይኖራል። የእንግሊዝኛው «ቡት» ራሱ የራስን ጫማ ማንጠልጠያ ይዞ ራስን ከመሬት ከማንሣት አባባል የወጣ በመሆኑ ምሳሌያቸውና ምሳሌያችን ሳይቀዳዱ ተገናኝተዋል። በአዲስ አበባ «ተነሺ» የሚለው ቃል ለልማት ሲባል ከቤቱ የሚወጣውን ሰው ማመልከቱን የሚያነሣብን ይኖራል፤ ነገር ግን ስልክ ከሰፈሩ አይነሣምና የሚያደናግር አይመስለንም። «መጫን»ን ለቃሉ ለለመደው ሥራ፣ ማለትም ፕሮግራምን ወደ ስልክ ለማስገባት እንድንተውለት እንመክራለን። ቀደም ሲል ለዚሁ «መትከል»ን መርጠን ነበር፤ ማሽን ይተከላል፣ «የማሽን ተከላ» ይባላልና። ጠጋኙ ግን «ጫንልኝ የሚል እንጂ ትከልልኝ ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም» ሲለን ሐሳባችንን ሰብስበን ዝም አልን።

እነሆ ማስታወቂያውን እንደገና ጻፍነውና አክስታችን እንዲያነቡት ሰጠናቸው። በመጀመሪያው ረቂቅ «ስልኩን አጥፍተው ያስነሡት» ብለን ነበር። «አጥፍተው ሲል ፎቶውን ነው ስልኩን?» ብለው ጠየቁን፤ ልክ ነበሩ፤ ማጥፋት ለመብራትም ለጽሑፍም ነው። ሰርዘን ይህን ጻፍን፦ «ስልኩ መነሣት አልቻለም። እንደገና ያስነሡት፤ በውስጡ ካለው ምንም አይጎድልም። ደጋግመው ሞክረው እምቢ ካለ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። ሁለተኛውን ምርጫ ከወሰዱ በስልኩ ያለው ፎቶ፣ ድምፅ፣ ጽሑፍና ስልክ ቁጥር ሁሉ ይደመሰሳል፤ የተደመሰሰው አይመለስም።» ከዚያ ሁለቱ ምርጫዎች፦ «እንደገና አስነሣ» እና «ሁሉን ደምስስ»።

«ደምስስ» የጦር ሜዳ ቃል ነው፣ ለስልክ ይከብዳል የሚል አስተያየት ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ቀርቦልናል። የመረጥነው ስለሚከብድ ነው። አክስታችን መነጽራቸውን አድርገው ሁለተኛውን ሲያነቡ እጃቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ።

ወረቀቱን ለጠጋኙም ሰጠነው። አንብቦ ወደደውና በትልልቅ ፊደል ገልብጦ ከመስኮቱ በላይ ለጠፈው። ከሳምንት በኋላ በዚያ ስናልፍ አየነው። «ሁሉን ደምስስ» ከሚለው ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ፎርማት» ብሎ ጨምሮበታል። እንዲያነሣው አልጠየቅነውም።